ለሁለተኛ ዲግሪ የትምህርት ብድር ይገኛል? ከኡካ፣ ከመቱና ከኢሉባቦር ከተሞች ለሚነሳው ጥያቄ የተዘጋጀ መረጃ



ከኡካ፣ ከመቱ፣ ከጎሬ እና በዙሪያቸው ካሉ ከተሞች ደጋግሞ የሚነሳ አንድ ጥያቄ አለ። «የመጀመሪያ ዲግሪዬን ይዤ እየሰራሁ ነው። ሁለተኛ ዲግሪ መማር እፈልጋለሁ፤ ደመወዜ ግን አይበቃም። መንግስት ለዚህ የሚሰጠው የተማሪ ብድር አለ ወይ? ከሌለ ከባንክ ልበደር? ወለዱስ?» ጠያቂዎቹ በአብዛኛው መምህራን፣ የጤና ባለሙያዎችና የወረዳ ሰራተኞች ናቸው። ብዙዎቹ ቤተሰብ ያስተዳድራሉ። አንዳንዱ ወለድን ፈርቶ ትምህርቱን ይተዋል፤ አንዳንዱ ደግሞ ሌላ መንገድ ያለ ስላልመሰለው ወለድ ውስጥ ይገባል። በሁለቱም በኩል ጉዳቱ ቀላል አይደለም።

አጭሩ መልስ ይህ ነው፦ በአገራችን ለሁለተኛ ዲግሪ ተብሎ ለማንኛውም አመልካች ክፍት የሆነ የመንግስት የተማሪ ብድር የለም። ያለው የወጪ መጋራት ለመጀመሪያ ዲግሪ ነው። ይህ ማለት ግን በሩ ሁሉ ተዘግቷል ማለት አይደለም። የመስሪያ ቤት ስፖንሰርነት፣ ነጻ የትምህርት እድል፣ እቁብ፣ ከወለድ ነጻ የባንክ አገልግሎት እና የማህበረሰብ መልካም ብድር (ቀርደ ሀሰን) አሉ። አብዛኛው ተማሪ የሚጨርሰው ከእነዚህ ሁለቱን ወይም ሶስቱን አቀናጅቶ ነው። በዚህ ጽሁፍ እያንዳንዱን በተራ እናያለን።

«ሁለተኛ ዲግሪ» ስንል ምን ማለታችን ነው?

በአማርኛ ሁለተኛ ዲግሪ ሲባል በተለምዶ ማስተርስ ማለት ነው። አንዳንድ ሰው ግን በአንድ የትምህርት ዘርፍ ከተመረቀ በኋላ በሌላ ዘርፍ እንደገና የመጀመሪያ ዲግሪ መማር ይፈልጋል፤ ለምሳሌ በታሪክ የተመረቀ መምህር በአካውንቲንግ ወይም በህግ መማር ሲያምረው ማለት ነው። ሁለቱ በገንዘብ ረገድ ይለያያሉ። መንግስት በመደበኛው የመጀመሪያ ዲግሪ ፕሮግራም የሚመድበው የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን ጨርሶ መግቢያ ፈተናውን ያለፈ ተማሪን ነው። ስለዚህ አንድ ዲግሪ ይዞ ሌላ የመጀመሪያ ዲግሪ የሚፈልግ ሰው በአብዛኛው በማታ፣ በቅዳሜና እሁድ ወይም በርቀት ከኪሱ ከፍሎ ይማራል። ማስተርስ የሚፈልገው ግን ከዚህ ሰፋ ያለ አማራጭ አለው። ከዚህ በታች ሁለተኛ ዲግሪ ስንል ማስተርስን ነው፤ ሌላኛውን ስንል ለይተን እንጠቅሳለን።

ከሁሉ በፊት፦ የመጀመሪያው ዲግሪ እዳ

ስለ አዲስ ብድር ከማሰብ በፊት የቆየውን መመልከት ያስፈልጋል። በመንግስት ዩኒቨርሲቲ የተማረ ሰው ሲገባ የወጪ መጋራት ውል ፈርሟል። ስርዓቱ የተጀመረው በ1995 ዓ.ም. በወጣው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 91 ሲሆን ከዚያ በኋላ ተሻሽሏል። በመነሻው ደንብ መሰረት ተማሪው የምግቡንና የመኝታውን ወጪ ሙሉ በሙሉ፣ ከትምህርት ወጪው ደግሞ ቢያንስ 15 በመቶውን ይጋራል። ክፍያው ከምረቃ በኋላ ስራ ሲያዝ ከወር ገቢ ቢያንስ 10 በመቶ እየተቆረጠ ይፈጸማል። በመምህርነትና መንግስት በለያቸው አንዳንድ ሙያዎች የተሰማሩ ደግሞ በገንዘብ ፋንታ በአገልግሎት የሚከፍሉበት አሰራር አለ።

ይህ ለሁለተኛ ዲግሪ ፈላጊ ለምን አስፈለገ? በሁለት ምክንያት ነው።

የመጀመሪያው የአሰራር ጉዳይ ነው። ለማስተርስ ሲያመለክቱ ዩኒቨርሲቲው ኦፊሻል ትራንስክሪፕት ከቀድሞው ተቋምዎ በቀጥታ እንዲላክለት ይጠይቃል። የቀድሞው ተቋም ደግሞ የወጪ መጋራት እዳው መከፈሉን፣ እየተከፈለ መሆኑን ወይም በአገልግሎት መሸፈኑን የሚያሳይ ማስረጃ ሳያይ ሰነዱን ላይለቅ ይችላል። ብዙ አመልካች ፈተናውን አልፎ፣ ቦታ አግኝቶ በዚህ ወረቀት ምክንያት ቀኑ ያልፍበታል። እዳዎ በደመወዝ እየተቆረጠ ከሆነ ከመስሪያ ቤትዎ የሰው ሀብትና የፋይናንስ ክፍል ደብዳቤ ያጽፉ። በመምህርነት እያገለገሉ ከሆነ የአገልግሎት ዘመንዎን የሚገልጽ ደብዳቤ ከወረዳው ትምህርት ጽህፈት ቤት ይውሰዱ። ከኡካ ሆኖ የተማሩበት ዩኒቨርሲቲ ሩቅ ከሆነ ይህን ማመልከቻ ከመከፈቱ ከወራት በፊት ይጀምሩት፤ አንድ ማህተም ጎድሎ ወደ ሩቅ ከተማ መመለስ ራሱ ትልቅ ወጪ ነው።

ሁለተኛው የሀላፊነት ጉዳይ ነው። የወጪ መጋራት እዳ «የመንግስት ነው» ተብሎ የሚናቅ አይደለም። በእስልምና እዳ እዳ ነው፤ አበዳሪው ግለሰብም ሆነ የህዝብ ግምጃ ቤት አማና ነው። እዳ ሳይከፈል መሞት ከባድ መሆኑን ነቢያችን ﷺ አስተምረዋል። የሞተ ሰው ጀናዛ ላይ ከመስገዳቸው በፊት እዳ እንዳለበት ይጠይቁ እንደነበር በሀዲስ ተዘግቧል። ስለዚህ አዲስ እዳ የሚያስብ ሰው የድሮውን መዝገብ አስቀድሞ ያስተካክል እንላለን።

አንደኛው መንገድ፦ በመስሪያ ቤት ስፖንሰርነት መማር

ለመንግስት ሰራተኛ ቀዳሚው አማራጭ ይህ ነው። መስሪያ ቤቱ ወይም ቢሮው ለስልጠና ካለው እቅድ ውስጥ ሰራተኛውን አስገብቶ የትምህርት ወጪውን ይሸፍናል። እንደ ፕሮግራሙ ዓይነት ደመወዙም ሊቀጥል ይችላል። ለመምህራን የክረምት መርሃ ግብር አለ፤ ትምህርት ቤት ሲዘጋ እየተማሩ ስራቸውን ሳይለቁ ይጨርሳሉ። ቤተሰብና ልጆች ላሏቸው እህቶች ይህ ከመደበኛው ፕሮግራም ይልቅ የሚመች ሆኖ እናገኘዋለን።

ስፖንሰርነት በስሙ ብድር ባይባልም በስራው የብድር ባህሪ አለው። ተማሪው ውል ይፈርማል፤ ዋስ ያቀርባል። ሲመረቅ በውሉ ለተጻፈው ጊዜ በመስሪያ ቤቱ ያገለግላል። ካላገለገለ የወጣበትን ወጪ ይመልሳል፤ እርሱ ካልተገኘ ዋሱ ይጠየቃል። ስለዚህ ሲፈርሙ እነዚህን ነጥቦች ያንብቡ፦

ከምረቃ በኋላ ስንት ዓመት ማገልገል ይጠበቅብኛል? ግዴታው ለዚህ ወረዳ ብቻ ነው ወይስ ወደ ሌላ ወረዳ ብዛወርም ይቆጠርልኛል? ትምህርቱን በህመም ወይም በወሊድ ባቋርጥ ምን ይሆናል? ውሉን ባፈርስ የምከፍለው የወጣውን ወጪ ብቻ ነው ወይስ ቅጣትም አለው? ዋሴ የሚጠየቀው እስከ ስንት ብር ድረስ ነው?

ዋስ መሆን ራሱ ቀላል ነገር አይደለም። በአካባቢያችን ዋስ የሚሆነው ብዙ ጊዜ ወንድም፣ አጎት ወይም የስራ ባልደረባ ነው። ተመርቆ ወደ አዲስ አበባ የሄደ ሰው ትቶት የሚሄደው እዳ በዋሱ ደመወዝ ላይ እንደሚያርፍ ማስታወስ ያስፈልጋል።

እድሉ እንዴት ይገኛል? በአብዛኛው ጥያቄው የሚጀምረው ከቅርብ ሀላፊ ነው። የዓመቱ የስልጠና እቅድ ሲዘጋጅ ስምዎ ካልገባ በኋላ መጠየቅ ዋጋ የለውም። በጀት ከመዘጋቱ በፊት፣ በሚያዝያና በግንቦት አካባቢ፣ በጽሁፍ ማመልከት ጥሩ ልማድ ነው። በመግቢያ በኩል ደግሞ ትምህርት ሚኒስቴር ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ብሄራዊ የድህረ ምረቃ መግቢያ ፈተና እየሰጠ ነው። ስፖንሰር ያለውም ሆነ ራሱን ችሎ የሚማረው ይህን ፈተና እንዲያልፍ ይጠየቃል። ስለዚህ ገንዘቡን እየፈለጉ ለፈተናውም መዘጋጀት ይገባል።

ሁለተኛው መንገድ፦ ራስን ችሎ መማር

ስፖንሰር ካልተገኘ ቀጣዩ ከኪስ ከፍሎ መማር ነው። ለኢሉባቦር ሰው ትልቁ እፎይታ የመቱ ዩኒቨርሲቲ መኖሩ ነው። በ2011 እ.ኤ.አ. የተመሰረተው ይህ ዩኒቨርሲቲ ዋና ግቢው በመቱ ሲሆን በበደሌም ግቢ አለው፤ የድህረ ምረቃ ፕሮግራሞችም አሉት። ከዚያ በፊት ሁለተኛ ዲግሪ የፈለገ ሰው ወደ ጅማ ወይም 600 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ወደ አዲስ አበባ መሄድ፣ ቤት መከራየትና ስራ መልቀቅ ነበረበት። ዛሬ የሚፈልጉት ዘርፍ በመቱ የሚሰጥ ከሆነ በቅዳሜና እሁድ ወይም በክረምት ተምሮ ስራን ማስቀጠል ይቻላል።

ወጪውን ሲያሰሉ የመመዝገቢያና የክሬዲት ሰዓት ክፍያን ብቻ አይቁጠሩ። የትራንስፖርት፣ የማደሪያና የምግብ፣ የላፕቶፕና የኢንተርኔት፣ የመመረቂያ ጽሁፍ የመረጃ መሰብሰቢያ፣ የህትመትና የጥረዛ ወጪ አለ። ብዙ ተማሪ ኮርሱን ጨርሶ የሚቆመው በመመረቂያ ጽሁፉ ላይ ነው፤ ለመጨረሻው ዓመት ብር አላስቀመጠምና። ከሬጅስትራር የጠቅላላ ፕሮግራሙን ክፍያ በጽሁፍ ይጠይቁ፤ ከዚያ ለመመረቂያ ጽሁፉ የሚሆን ለይተው ያስቀምጡ።

እቁብ፦ ወለድ የሌለበት የቆየ ብልሃት

ለዚህ ዓይነቱ ወጪ እቁብ ጥሩ መሳሪያ ነው። ለምሳሌ 12 የስራ ባልደረቦች በየወሩ 2,000 ብር ቢጥሉ በየወሩ ለአንዱ 24,000 ብር ይወጣል። ቀድሞ የወጣለት ሰው ከባልደረቦቹ ወለድ የሌለው ብድር አገኘ ማለት ነው፤ በስተመጨረሻ የደረሰው ደግሞ ቆጠበ ማለት ነው። የሚማሩት ሰዎች እቁቡ ሲመሰረት በእጣ ፋንታ በምዝገባ ጊዜያቸው እንዲወጣላቸው ከአባላቱ ጋር መስማማት ይችላሉ። አንድ ጥንቃቄ አለ፦ ቀድሞ እቁብ ለመውሰድ ሲባል ለሌላው ተጨማሪ ብር መክፈል፣ ማለትም እቁብ መግዛትና መሸጥ፣ ብርን በብር በብልጫ መለዋወጥ ስለሚሆን ወደ ወለድ ይገባል። ተራ መቀያየር ከሆነ በነጻ መሆን አለበት።

ኢሉባቦር የቡና አገር ናት። የብዙ ቤተሰብ ገቢ የሚገባው ቡናው ተለቅሞ በሚሸጥባቸው ወራት ነው፤ የምዝገባው ቀን ግን ቡናን አይጠብቅም። የቤተሰብ ቡና ያለው ሰው ቡናው ገና በዛፉ ላይ እያለ ለነጋዴ በርካሽ ከማስያዝ ይልቅ፣ በመኸሩ ወራት የአንድ ዓመቱን ክፍያ ለይቶ ማስቀመጥ ይሻለዋል። ፍሬው ሳይደርስ መሸጥ በፊቅህም ክልከላ ያለበት ጉዳይ ነው።

ሶስተኛው መንገድ፦ ከባንክ ገንዘብ ማግኘት

በወለድ የሚሰራ ባንክ ወይም የብድርና ቁጠባ ተቋም ለደመወዝተኛ የሚሰጠው የፍጆታ ብድር ለትምህርትም ሊውል ይችላል። ይህ ለሙስሊም ተማሪ የወለድ ጥያቄ ያስነሳል። ከሪባ መራቅ በቁርኣን በግልጽ የተደነገገ ነው፤ በሱረቱል በቀራ ከ275ኛው አንቀጽ ጀምሮ ያለውን ይመልከቱ። ኡለማኦች በዋናው ድንጋጌ አይለያዩም። የሚነጋገሩት «ችግር» (ዶሩራ) የሚባለው መቼ እንደሆነ ነው። ብዙሃኑ ማስተርስ መማር ለወለድ በር የሚከፍት ችግር አይደለም ይላሉ፤ ሌላ መንገድ ፈጽሞ በሌለበት አንዳንድ ሁኔታ የሚያላሉም አሉ። የግል ሁኔታዎን ይዘው የሚያምኗቸውን አሊም ይጠይቁ። እኛ የምንለው ወደዚያ ጥያቄ ከመድረስዎ በፊት የቀሩትን መንገዶች ሁሉ ይሞክሩ ነው።

በአገራችን ከወለድ ነጻ የባንክ አገልግሎት ዛሬ አዲስ አይደለም። ብሄራዊ ባንክ መጀመሪያ መደበኛ ባንኮች በመስኮት ደረጃ እንዲሰሩ ፈቀደ። በ2019 እ.ኤ.አ. ደግሞ ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነጻ የሆኑ ባንኮች እንዲቋቋሙ በር ተከፈተ። ዘምዘም ባንክ በ2021 እ.ኤ.አ. ስራ የጀመረ የመጀመሪያው ሲሆን ሂጅራ ባንክ በዚያው ዓመት ተከተለ፤ ራሚስም ከዚያ በኋላ መጣ። ከመስኮቶቹ ደግሞ የንግድ ባንክ ሲቢኢ ኑር፣ የኦሮሚያ ህብረት ስራ ባንክ አልሁዳ፣ የአዋሽ ኢኽላስ እና የዳሽን ሸሪክ ይታወቃሉ። በአቅራቢያዎ ያለው ቅርንጫፍ የትኛውን አገልግሎት እንደሚሰጥ ሄደው ይጠይቁ።

ነገር ግን አንድ ነገር አስቀድሞ ማወቅ ያስፈልጋል። ከወለድ ነጻ ባንክ በአብዛኛው ጥሬ ብር አያበድርም። ዋናው ውሉ ሙራበሃ ነው፤ ባንኩ እቃ ገዝቶ የራሱ ካደረገ በኋላ በታወቀ ትርፍ በክፍያ ይሸጥልዎታል። የትምህርት ክፍያ ግን እቃ አይደለም። ስለዚህ «ለማስተርስ ብር ስጡኝ» ብሎ የሄደ ሰው ባዶ እጁን ሊመለስ ይችላል። ይህን ያወቀ ሰው ጥያቄውን ያስተካክላል። ለምሳሌ ላፕቶፕ በሙራበሃ መግዛት ይቻላል፤ ለላፕቶፑ ያሰቡት የራስዎ ብር ለትምህርት ክፍያ ይተርፋል። በሌሎች አገሮች ባንኩ የትምህርት አገልግሎቱን ከተቋሙ በጅምላ ተዋውሎ ለተማሪው በክፍያ የሚያስተላልፍበት የኢጃራ አሰራርም አለ። በአገራችን የሚፈልግ ብዙ ሰው ከተገኘ፣ ለምሳሌ መምህራን በማህበራቸው በኩል ተደራጅተው ከጠየቁ፣ ባንኮችም እንዲያስቡበት ምክንያት ይሆናል።

ባንኩን ሲያነጋግሩ እነዚህን ይጠይቁ፦ ውሉ ምን ይባላል? እቃው መጀመሪያ በባንኩ ባለቤትነት ስር ይገባል ወይ? ትርፉ ስንት ነው፤ ብዘገይስ ይጨምራል? የዘገየ ሰው የሚከፍለው ካለ የት ይሄዳል? የሸሪዓ አማካሪ ቦርዱ ይህን ውል አጽድቆታል ወይ? ቀርደ ሀሰን ትሰጣላችሁ፤ ለማን?

አራተኛው መንገድ፦ ነጻ የትምህርት እድል

ነጻ እድል ሲገኝ ከብድር ሁሉ ይበልጣል፤ የማይመለስ ነውና። ከክፍለ ሀገር የሚያመለክት ሰው ብዙ ጊዜ የሚቀርበት በችሎታ ማነስ ሳይሆን ቀኑን ባለማወቅ ነው። ጥቂቶቹን እንጥቀስ።

የቱርክ መንግስት የሚሰጠው ቱርክዬ ቡርስላሪ ለማስተርስ ከ30 ዓመት በታች የሆኑትን ይቀበላል። የትምህርት ክፍያ፣ ማደሪያ፣ የአውሮፕላን ትኬት፣ ወርሃዊ አበልና የአንድ ዓመት የቋንቋ ትምህርት ይሸፍናል። ማመልከቻው በአብዛኛው በጥርና በየካቲት ወራት ይከፈታል፤ ማመልከቻው ክፍያ የለውም። የእንግሊዙ ቺቭኒንግ ለአንድ ዓመት ማስተርስ ሲሆን ቢያንስ የሁለት ዓመት የስራ ልምድና ከትምህርት በኋላ ለሁለት ዓመት ወደ አገር መመለስን ይጠይቃል። ማመልከቻው በነሐሴ አካባቢ ይከፈታል። የሀንጋሪው ስቲፔንዲየም ሁንጋሪኩም እና የአውሮፓ ህብረት ኢራስመስ ሙንዱስም ለኢትዮጵያውያን ክፍት ሆነው ቆይተዋል።

«እኔ አስጨርስልሃለሁ» ብሎ ብር ከሚጠይቅ ደላላ ይጠንቀቁ። እውነተኛ የነጻ ትምህርት እድል የማስገቢያ ጉቦ አይጠይቅም። ሰነድዎን ራስዎ ያስገቡ፤ ኢንተርኔት ካስቸገረ በመቱ ያለ የሚያምኑት ሰው ይርዳዎት።

የእስላሚክ ልማት ባንክ ትምህርት

ዋና መስሪያ ቤቱ በጅዳ የሆነው የእስላሚክ ልማት ባንክ ከ1983 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አባል ባልሆኑ አገሮች ለሚኖሩ ሙስሊም ማህበረሰቦች የትምህርት ፕሮግራም ሲያካሂድ ቆይቷል። ኢትዮጵያ የባንኩ አባል አይደለችም። ፕሮግራሙ ኋላ ላይ ቅርጹን ቀይሮ ማስተርስንና ዶክትሬትንም አካቷል። በየዓመቱ የሚወጣውን ጥሪና የተፈቀዱትን አገሮች ዝርዝር ማየት ያስፈልጋል።

እኛን የሳበን ግን የመጀመሪያው አሰራሩ ነው። ገንዘቡ ለተማሪው ወለድ የሌለው ብድር ነው፤ ለማህበረሰቡ ግን ስጦታ ነው። ተማሪው ተመርቆ ስራ ሲይዝ በቀላል ክፍያ የሚመልሰው ለባንኩ ሳይሆን በአገሩ ላለው የማህበረሰቡ ፈንድ ነው። ያ ገንዘብ ደግሞ ተከታዩን ተማሪ ያስተምራል። አንድ ብር ሁለት ሶስት ሰው ያስተምራል ማለት ነው።

ይህን በኡካ ደረጃ መስራት አይቻልምን?

እንበልና በአንድ መስጂድ ጀመዓ 40 ቤተሰብ በየወሩ 100 ብር ቢያዋጣ በወር 4,000፣ በዓመት 48,000 ብር ይሆናል። ከዚህ ለሁለት ተማሪዎች 24,000 ብር በቀርደ ሀሰን ቢሰጥ፣ እያንዳንዳቸው ከተመረቁ በኋላ በወር 1,000 ብር ቢመልሱ በ24 ወር ይጨርሳሉ። ሁለተኛው ዓመት ላይ ሌላ 48,000 ብር አለ። ከተወሰኑ ዓመታት በኋላ የሚመለሰው ብር ብቻውን አዲስ ተማሪ ያስገባል። ብሩ ለአንድ ሰው ሙሉ ወጪ ላይበቃ ይችላል፤ ነገር ግን አንድ መምህር ወለድ ውስጥ ሳይገባ ሴሚስተሩን እንዲሻገር ያደርጋል።

እንዲህ ያለ ፈንድ እንዲቆም አንዳንድ ነገሮች መሟላት አለባቸው።

ብድሩ ይጻፍ። በሱረቱል በቀራ 282ኛው አንቀጽ እዳ በጊዜ ገደብ ሲሆን እንዲጻፍና ምስክር እንዲቆምበት ያዛል። «የምንተዋወቅ ነን» ብሎ ሳይጽፉ መስጠት ኋላ ላይ ወዳጅነትን የሚያፈርስ ነው።

ዘካና ብድር አይቀላቀሉ። ዘካ ለባለመብቱ በስጦታ የሚሰጥ መብቱ ነው፤ ብዙ ኡለማኦችም ከዘካ ገንዘብ ማበደርን አይፈቅዱም። ስለዚህ የሚሽከረከረው ፈንድ ከመዋጮ፣ ከሰደቃና ከወቅፍ ይሁን። ተማሪው ድሃ ከሆነ ወይም መክፈል ያቃተው ባለእዳ ከሆነ ግን ከዘካ ተቀባዮች ውስጥ ሊገባ ይችላል፤ ያ በሌላ መዝገብ ይያዝ። በቡና ላይ ስላለው ዘካ መዝሀቦች በዝርዝሩ ስለሚለያዩ የአካባቢውን ኡለማኦች ይጠይቁ። ቡናን ለንግድ የያዘ ነጋዴ ግን የንግድ ዘካ አለበት።

የተቸገረ ይታገስለት፤ የሚችል ይክፈል። 280ኛው አንቀጽ የተቸገረ ባለእዳ እስኪሻለው እንዲጠበቅ ያዛል። የሚችል ሰው ማዘግየቱ ደግሞ በደል ነው። ኮሚቴው ሁለቱን መለየት አለበት። የዘገየ ሰው ላይ ተጨማሪ ብር መጣል አይቻልም፤ ብር በብር ላይ ሲጨመር ወለድ ይሆናልና።

ህጋዊ ይሁን። ገንዘብ ከህዝብ መሰብሰብ ህግ ያለው ጉዳይ ነው። በወረዳው የህብረት ስራ ጽህፈት ቤት በኩል የቁጠባና ብድር ማህበር ሆኖ መደራጀት ወይም በመጅሊሱ ስር ታውቆ መስራት ይቻላል። የኢትዮጵያ እስልምና ጉዳዮች ጠቅላይ ምክር ቤት በ2012 ዓ.ም. በአዋጅ ህጋዊ ሰውነት አግኝቷል። ሂሳቡ በአንድ ሰው ስም ሳይሆን በሶስት ፈራሚ ከወለድ ነጻ በሆነ የባንክ ሂሳብ ይቀመጥ፤ በዓመት አንዴ ለጀመዓው ይነበብ።

ለሴቶች ቦታ ይጠበቅ። ከሁለት ተማሪ አንዷ እህት ብትሆን የሚል ደንብ ከመጀመሪያው ይጻፍ። በብዙ ቤት ብር ሲያንስ መጀመሪያ የሚቆመው የሴት ልጅ ትምህርት ነው።

በውጭ አገር ላሉ አንባቢያን

በእንግሊዝና በአሜሪካ ያሉ ወንድሞችና እህቶችም ተመሳሳይ ጥያቄ ያነሳሉ። በእነዚያ አገሮች የመንግስት የተማሪ ብድር አለ፤ ነገር ግን ወለድ አለው፤ ለሁለተኛ ዲግሪም ገደብ አለው።

በእንግሊዝ አንድ የመጀመሪያ ዲግሪ ያለው ሰው ለሌላ የመጀመሪያ ዲግሪ የትምህርት ክፍያ ብድር በአብዛኛው አያገኝም። እንደ ነርሲንግ ላሉ አንዳንድ ዘርፎች ግን ልዩ ፈቃድ አለ። ለማስተርስ ራሱን የቻለ ብድር አለ፤ ከነሐሴ 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለተጀመሩ ኮርሶች እስከ 12,471 ፓውንድ፣ ከነሐሴ 2025 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለተጀመሩት ደግሞ እስከ 12,858 ፓውንድ ነበር። ማስተርስ ያለው ሰው አያገኝም። ክፍያው ከዓመት 21,000 ፓውንድ በላይ ካለው ገቢ 6 በመቶ ነው፤ ወለዱ ግን ከመጀመሪያው ቀን ይታሰባል። ለሙስሊሞች ከወለድ ነጻ የሆነ አማራጭ እንዲኖር መንግስቱ በ2014 እ.ኤ.አ. የህዝብ አስተያየት ሰብስቦ፣ በ2017 እ.ኤ.አ. በህግ መሰረት ጥሎ ነበር። የታሰበው በተካፉል መልክ ተማሪዎች እርስ በርስ የሚደጋገፉበት ፈንድ ነው። ይሁንና ከህጉ በኋላ ብዙ ዓመታት ሳይተገበር አልፈዋል፤ በዚህ መካከል ከወለድ ለመራቅ ሲሉ ትምህርታቸውን ያዘገዩ ወጣቶች ጥቂት አይደሉም።

በአሜሪካ ፔል ግራንት የሚባለው የማይመለስ እርዳታ የመጀመሪያ ዲግሪ ለጨረሰ ሰው በአብዛኛው አይሰጥም። ለማስተርስ ያለው የፌዴራል ብድር በዓመት እስከ 20,500 ዶላር ሲሆን ወለዱ በትምህርት ላይ እያሉም ይቆጠራል። በዚያ ላሉ ወገኖቻችን መጀመሪያ መታየት ያለበት አሰሪ ለሰራተኛው የሚሸፍነው የትምህርት ክፍያ እና ዩኒቨርሲቲዎች ለረዳት ተመራማሪነትና ለረዳት መምህርነት የሚሰጡት ነጻ ትምህርት ነው።

እዚያ ያሉት ከወለድ ነጻ ፈንድ ሲጠብቁ እዚህ ያለው ጀመዓ ደግሞ በ100 ብር መጀመር ይችላል። በውጭ ያለ የኢሉባቦር ልጅም በየበዓሉ ለየዘመዱ በተናጠል ከሚልከው ላይ ጥቂቱን ለእንዲህ ያለ ፈንድ ቢያደርግ ተመልሶ ሌላውን የሚያስተምር ብር ይሆናል።

በቅደም ተከተል ምን ይደረግ?

አንደኛ፣ የወጪ መጋራት ማስረጃና ትራንስክሪፕት ያስተካክሉ። ሁለተኛ፣ ለመስሪያ ቤትዎ በጽሁፍ አመልክተው በስልጠና እቅዱ ውስጥ ይግቡ። ሶስተኛ፣ ለብሄራዊው መግቢያ ፈተና ይዘጋጁ። አራተኛ፣ የነጻ ትምህርት እድሎችን ቀን በማስታወሻ ይያዙ። አምስተኛ፣ የጠቅላላ ፕሮግራሙን ወጪ ከሬጅስትራር በጽሁፍ ወስደው የጎደለውን ይለዩ። ስድስተኛ፣ የጎደለውን በእቁብ፣ በቁጠባ፣ በሙራበሃ እቃ እና በቀርደ ሀሰን ይሙሉ። ይህ ሁሉ ካልበቃ አንድ ዓመት ማዘግየትም መፍትሄ ነው፤ ዘግይቶ ያለ ወለድ የተመረቀ ሰው ከሳራ የለበትም።

በመጨረሻም ለመስጂድ ኮሚቴዎች፣ ለቡና ነጋዴዎችና ለተመረቁ ወንድሞችና እህቶች አንድ አደራ አለን። በአካባቢያችሁ ማስተርስ ለመማር ቦታ አግኝቶ በብር ምክንያት የቀረ ሰው ካለ ስሙን ታውቁታላችሁ። እርሱ ሲማር የሚያስተምራቸው የእናንተን ልጆች ነው። ጠርታችሁ ስንት እንደጎደለው ጠይቁት።

አላህ ጠቃሚ እውቀትና ሀላል ሲሳይ ይስጠን።